ሃርድ ዲስክ በተደጋጋሚ ሲበላሽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአንድ የቤት ኮምፒውተር ላይ ዲስክ ቶሎ ቶሎ ለሚበላሽባቸው፤ ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው ተደርድረዋል።

ሃርድ ዲስክ በተፈጥሮው ስንት ዓመት ይሠራል?

ቁርጥ ያለ ዕድሜ የለውም። አምራቾች እንደ ዲስኩ ደረጃ ከ2 እስከ 5 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ብዙዎቹ ግን ከዚያም በላይ ያገለግላሉ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮችን የሚያሠራውና ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ የብልሽት መዝገቡን ለሕዝብ ክፍት ያደረገው ባክብሌዝ የተባለ የመረጃ ማከማቻ ኩባንያ የሚያወጣው አኃዝ በአብዛኛው በዓመት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ዲስክ ገደማ ነው።

እኔን የሚገርመኝ መበላሸቱ ሳይሆን መሥራቱ ነው። በውስጡ ያሉት ክብ ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። ማንበቢያው ጭንቅላት ደግሞ ሳህኑን ሳይነካ፣ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ፣ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል። ከዚህ ክፍተት አንጻር የሲጋራ ጭስ ብናኝ ቋጥኝ ነው።

በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ዲስክ ተበላሸብኝ። ዕድለ ቢስ ስለሆንኩ ነው?

አይመስለኝም። እያንዳንዱ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ከመቶ ሁለት ነው እንበል። ሦስቱም ምንም የሚያገናኛቸው ምክንያት ሳይኖር የመበላሸታቸው ዕድል ከሚሊዮን ስምንት ይሆናል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያጋጥም ዕድልን ትቶ የጋራ ምክንያት መፈለግ ይሻላል።

ስለዚህ አራተኛ ዲስክ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ወረቀት ያውጡና ሦስቱም ዲስኮች ሲበላሹ ያልተቀየረውን ነገር ሁሉ ይጻፉበት፦ ፓወር ሰፕላዩ (ኮምፒውተሩን ኤሌክትሪክ የሚመግበው ሳጥን)፣ ኬብሉ፣ የተሰካበት የማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ) ሶኬት፣ ኬዙ የተቀመጠበት ቦታ፣ የግድግዳው ሶኬት። «ተበላሽቷል» ብሎ የፈረደውን ሰውም አይዝለሉት፤ ያ ሰው እርስዎ ራስዎ ቢሆኑም እንኳ። የሚቀጥሉት መልሶች በሙሉ የዚህ ወረቀት ማብራሪያ ናቸው።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ሦስቱ ዲስኮች አብረው ተገዝተው፣ በአንድ ካርቶን ተጉዘው፣ በመንገድ ላይ ወድቀው ከነበረ ወይም ከአንድ የተበላሸ ምርት የወጡ ከሆነ ኮምፒውተሩ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። መለያ ቁጥራቸው ተከታታይ መሆኑንና የተመረቱበትን ቀን በላያቸው ከተለጠፈው ወረቀት ይመልከቱ።

ዲስኩ በእርግጥ መሞቱን እንዴት አውቃለሁ?

ከኮምፒውተሩ አውጥተው በሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ በሌላ ኬብል ይሰኩት። ሌላ ኮምፒውተር ከሌለ በዩኤስቢ የሚገናኝ የዲስክ ማቀፊያ ይበቃል። እዚያ በሰላም ከሠራና የጤና መዝገቡም (ቀጥሎ የሚመጣው ስማርት) ንጹሕ ከሆነ ዲስኩ አልሞተም፤ ገዳዩም ያለው በመጀመሪያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። «የሞቱ» ዲስኮች የማጠራቅምበት ካርቶን ነበረኝ። አንድ ቀን ሥራ ስፈታ አንድ በአንድ በሌላ ማሽን ላይ ብሞክራቸው ከአምስቱ ሁለቱ ምንም አልሆኑም ነበር። ሁለቱንም ያስጣለኝ የላላ የኃይል ማከፋፈያ ገመድ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ስማርት የሚባለው መዝገብ ምንድን ነው? የትኛውን ቁጥር ልመልከት?

ስማርት ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘው የውስጥ መዝገብ ነው። በዊንዶውስ ላይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ፣ በሊኑክስ ላይ ስማርትሞንቱልስ የተባሉ ፕሮግራሞች በነጻ ያነቡታል። ረጅም ሰንጠረዥ ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ጥቂት መስመሮች ይበቃሉ (ቁጥሩ የመስመሩ መለያ እንጂ ተራው አይደለም)።

5ኛው መስመር ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን (መረጃ የሚጻፍባቸውን የሳህኑ ትንንሽ ክፍሎች) ይቆጥራል። 197ኛው ለማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ 198ኛው ደግሞ ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ ሊያነባቸው ያልቻላቸውን ይመዘግባል። እነዚህ ሦስቱ ከዜሮ ተነሥተው ከሳምንት ሳምንት እያደጉ ከሄዱ የሳህኑ ገጽ ወይም ጭንቅላቱ ተጎድቷል። 199ኛው ግን ሌላ ታሪክ ይነግራል፦ መረጃው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲጓዝ የተበላሸበትን ጊዜ ይቆጥራል። የ5ኛውና የ197ኛው ዜሮ ሆነው 199ኛው የሚያድግ ከሆነ ዲስኩን ትተው የዳታ ኬብሉን ይቀይሩ። ይህ ቁጥር ኬብሉ ከተቀየረ በኋላም ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ስለዚህ ዛሬ ስንት እንደሆነ ይጻፉና መጨመሩን ማቆሙን ይከታተሉ። 192ኛው ደግሞ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ጭንቅላቱ በጥድፊያ ወደ ማረፊያው የሸሸበትን ቁጥር ይይዛል። እርስዎ ኮምፒውተሩን በአግባቡ እየዘጉ ይህ ቁጥር በየቀኑ ካደገ ኃይሉ በሆነ ቦታ እየተቆራረጠ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ጥሬ ቁጥሮቹን ሳይነካ ከተተወ በአሥራ ስድስት መሠረት ስለሚጽፍ «10» ያለው አሥራ ስድስት ሊሆን ይችላል። ሲጌት በተባለው አምራች ዲስኮች 1ኛና 7ኛ መስመር ላይ የሚታየው ግዙፍ ቁጥር ደግሞ የስሕተት ብዛት አይደለም፤ የተከናወኑ ሥራዎች ብዛት አብሮ ተቀላቅሎበት ነው። በዚህ ቁጥር ደንግጠው ጤነኛ ዲስክ የጣሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ፕሮግራሙ «ጥሩ» ይላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ይንጠለጠላል (ቀጥ ብሎ ይቆማል)። የትኛውን ልመን?

መንጠልጠሉን። «ጥሩ» የሚለው ቃል የሚወጣው በአብዛኛው አምራቹ ካስቀመጠው በጣም ልል የሆነ ወሰን ተነሥቶ ነው። የጉግል ባለሙያዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከተበላሹት ዲስኮች 36 በመቶ የሚሆኑት የሙቀቱ መስመር ሲቀር በስማርት መዝገባቸው ላይ አንዳች የብልሽት ምልክት አልነበራቸውም። ምልክት ሲኖር ግን ይታመናል፦ በፍተሻ ላይ የመጀመሪያ ስሕተት የታየበት ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት የመበላሸት ዕድሉ ካልታየበት 39 እጥፍ ነበር። ስማርት ሞትን ሊያረጋግጥ ይችላል፤ ጤንነትን ግን አይመሰክርም።

ከዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይወጣል። ምን ላድርግ?

ያጥፉት። ጭንቅላቱ ቦታውን ፈልጎ አጥቶ እየተመለሰ ነው። መጀመሪያ የኃይል ገመዱን ቀይረው አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩ፤ በቂ ኃይል ያላገኘ ዲስክም መሽከርከር ጀምሮ እያቋረጠ ተመሳሳይ ድምፅ ያሰማል። ካልተለወጠና በውስጡ ቅጂ የሌለው መረጃ ካለ እንደገና አያብሩት፤ መረጃ ወደሚያወጡ ባለሙያዎች ይውሰዱት። በማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር የሚለውን ምክር አይስሙ፤ ሲወጣ በሳህኑ ላይ የሚፈጠረው እርጥበት የቀረውን ይጨርሳል። ክዳኑን መክፈትም እንዲሁ ነው።

ፓወር ሰፕላይ ዲስክን እንዴት ይገድላል?

በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ዲስክ ደጋግሞ ሲሞት እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ምክንያቱም የዴስክቶፕ ዲስክ በሁለት መስመር ይመገባል፦ 12 ቮልቱ ሞተሩን ያሽከረክራል፣ 5 ቮልቱ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱን ያሠራል። የተፈቀደው መዛባት በሁለቱም 5 በመቶ ነው፤ ማለትም ከ11.4 እስከ 12.6 እና ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት። ዲስኩ ሲነሣ ከ12 ቮልቱ መስመር 2 አምፔር ገደማ ይስባል። ያረጀ ፓወር ሰፕላይ በዚያች ቅጽበት ከወሰኑ በታች ከወረደ ሞተሩ ይደናቀፋል፣ ጭንቅላቱ ሳይዘጋጅ ይመለሳል፣ በመጻፍ ላይ የነበረው ሴክተር ግማሽ ላይ ይቀራል።

ቮልቱን በማልቲሜትር መለካት ይቻላል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ሥራ ሳይበዛበት የተገኘ ልኬት አያታልልዎ። ከባድ ሥራ እየሠራ ሳለ ይለኩ። በዚያም ላይ ማልቲሜትር የሚያሳየው አማካዩን ነው። የፓወር ሰፕላዮች ደረጃ በ12 ቮልት ላይ እስከ 120 ሚሊቮልት፣ በ5 ቮልት ላይ እስከ 50 ሚሊቮልት የሚደርስ ፈጣን ሞገድ ይፈቅዳል። ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) የደከሙ ፓወር ሰፕላይ ከዚህ ሲያልፍ የሚታየው ሞገዱን በስክሪን በሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ብቻ ነው። ኦሲሎስኮፕ በቤቱ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ አስተማማኙ ፈተና ጤነኛነቱ የታወቀ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ነው። አሮጌውን ከፍተው ለማየት እንዳይሞክሩ፦ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ አደገኛ ቮልት ይዘው ይቆያሉ።

ፓወር ሰፕላዩ ደህና ሆኖ ገመዱ የሚበድልበት ጊዜም ብዙ ነው። ከአሮጌው ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት ወደ ሳታ (የዛሬዎቹ ዲስኮች ሶኬት) የሚቀይሩ አዳፕተሮች አሉ። ከእነዚህ መካከል ገመዱ በፕላስቲክ ውስጥ በቀጥታ ተቀልጦ የተዘጋባቸው ዓይነቶች በውስጣቸው ሽቦዎቹ ተነካክተው ሲቃጠሉ የታዩ ናቸው። ጠርዙ የቀለመ ወይም የተኮማተረ ካዩ ወዲያውኑ ያስወግዱት። አንዱን መስመር ለአራት ዲስክ የሚያከፋፍሉ ቀጫጭን ገመዶችንም አልወዳቸውም።

ፓወር ሰፕላዩን በአዲስ ቀየርኩ፤ በዚያው ቅጽበት ሁሉም ዲስኮች ሞቱ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

የአሮጌውን ገመዶች ለአዲሱ ተጠቅመዋል? ገመዶቻቸው በሚነቀሉ ፓወር ሰፕላዮች ላይ በዲስኩ በኩል ያለው ሶኬት ለሁሉም አንድ ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን ደረጃ አልወጣለትም። ቅርጹ ገጥሞ ይሰካል፤ የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ግን ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም በአንዱ አምራች ሞዴሎች መካከል ይለያያል። 12 ቮልት በ5 ቮልት መስመር ገብቶ ቦርዱን ያቃጥለዋል። አንድ መጽናኛ አለ፦ እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠለው ቦርዱ እንጂ ሳህኑ ስላልሆነ መረጃው በባለሙያ የመትረፍ ተስፋው ጥሩ ነው። ተመሳሳይ ቦርድ ገዝቶ መቀየር ብቻውን በአዳዲስ ዲስኮች ላይ አይሠራም፤ የዲስኩ ልዩ ማስተካከያ በአሮጌው ቦርድ ላይ ባለ ትንሽ ቺፕ ውስጥ ስለሚቀመጥ እሱም አብሮ መዛወር አለበት።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ዲስክ ይበላሻል?

አንድ ጊዜ ቢጠፋ ዲስኩ አይሞትም። ኃይሉ ሲቋረጥ ሳህኑ ገና እየተሽከረከረ ስለሆነ ሞተሩ ለአፍታ እንደ ጄኔሬተር ያገለግልና ጭንቅላቱን ወደ ማረፊያው ይመልሰዋል፤ ብልህ ዘዴ ነው። ይህ ግን የጥድፊያ ማረፍ በመሆኑ ሲደጋገም ያደክማል። ይበልጥ የሚያሰጋው ደግሞ መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልት ነው።

ስታቢላይዘር የቮልቱን መዋዠቅ ያስተካክላል፣ ሲቋረጥ ግን አይደርስም። ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ኮምፒውተሩን በሰላም የሚዘጉበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጥዎታል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት ከቻሉ ዩፒኤሱን ይምረጡ።

ሙቀቱስ? ዲስኬ 48 ዲግሪ ያሳያል።

ብዙዎቹ ዲስኮች እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሠሩ ተፈቅዶላቸዋል፤ እኔ ከ45 በታች ሳየው ደስ ይለኛል። 48 የማራገቢያውን አቧራ ለማጽዳት ማስታወሻ ነው እንጂ ለተከታታይ ሞት ማብራሪያ አይሆንም። ከላይ የጠቀስኩት የጉግል ጥናትም በሙቀትና በብልሽት መካከል የተጠበቀውን ያህል ጥብቅ ግንኙነት አላገኘም።

ኬዙ የተቀመጠበት ቦታ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ማብቂያ ላይ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለ የኮምፒውተር ኩባንያ አንድ መሐንዲስ በዲስኮች ረድፍ ፊት ቆሞ ሲጮኽባቸው የምላሽ ጊዜያቸው ወዲያው ሲያሽቆለቁል በቪዲዮ አሳይቷል። በጩኸት የሚደናገጥ ዕቃ ከትልቅ የድምፅ ማጉያ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ወይም እግር በሚረግጠው ቦታ ቢውል አይመቸውም። አራቱም ብሎኖቹ መጥበቃቸውን ይመልከቱ፤ በአንድ ብሎን የተንጠለጠለ ዲስክ በራሱ ሽክርክሪት ይንቀጠቀጣል።

በጣም ከፍተኛ ቦታ ላይ የሚኖሩ ደግሞ አንድ ያልተለመደ ነገር ይወቁ። ጭንቅላቱን የሚያንሳፍፈው አየር ስለሆነ አብዛኞቹ ተራ ዲስኮች እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ሂሊየም የተሞሉና የታሸጉ ዲስኮች ወይም ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) የተሻለ ምርጫ ናቸው።

ውጫዊ ዲስኮቼስ ለምን በየጊዜው ይሞታሉ?

ግማሹ መውደቅ ነው፤ በተለይ እየሠራ ሳለ። ግማሹ የኃይል ማነስ ነው። ዩኤስቢ 2.0 ሶኬት 500 ሚሊአምፔር፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር እንዲሰጥ ነው ደረጃው የሚያዘው፤ ትንሹ ዲስክ ግን ሲነሣ ወደ 1 አምፔር ሊጠጋ ይችላል። በኬዙ ፊት ለፊት ያለው ሶኬት በቀጭን ሽቦ ስለሚመገብ ከኋላው ይሰኩ፣ አጭር ኬብል ይጠቀሙ፣ የራሱ ኃይል በሌለው የዩኤስቢ ሶኬት ማባዣ ላይ አያገናኙ።

ዲስኩ ስሕተት ሲያሳይ ቼክ ዲስክ ላሂድ ወይስ ፎርማት ላድርገው?

መረጃውን ካላወጡ ሁለቱንም አያድርጉ። ቼክ ዲስክ የተባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም የተሠራው የፋይል ሥርዓቱን ለመጠገን እንጂ መረጃዎን ለማዳን አይደለም። እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ ሙሉ ፍተሻ ማዘዝ ጭንቅላቱን በቆሰለው ቦታ ላይ ለሰዓታት ያመላልሰዋል፤ ያልተነበቡ ፋይሎችንም «ጠገንኩ» እያለ ሊቆራርጣቸው ይችላል። መጀመሪያ በሊኑክስ ላይ በሚገኘው ዲዲሬስኪው ዲስኩን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ። ይህ ፕሮግራም ጤነኛውን ክፍል አስቀድሞ አውጥቶ ወደ ቁስሉ የሚመለሰው በመጨረሻ ነው። ጥገናው በቅጂው ላይ ይደረጋል።

ፎርማትን በተመለከተ፣ ፈጣኑ ፎርማት ሴክተሮችን አይነካም። ሙሉው ፎርማት ግን እያንዳንዱን ሴክተር ስለሚጽፍበት በ197ኛው መስመር የሚጠብቁት ወይ ይድናሉ ወይ በመጠባበቂያ ይተካሉ። ኃይል ሲቋረጥ የተጎዱ ሴክተሮች በዚህ መንገድ ሙሉ በሙሉ ሲያገግሙ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ዳግመኛ ከተነሣ ዲስኩን ያሰናብቱት።

ወደ ኤስኤስዲ ብቀይር እገላገላለሁ?

ከመውደቅና ከንዝረት አዎ፤ ከመጥፎ ኃይል ግን አይገላገሉም። ኤስኤስዲ ሲሞት ድምፅ አያሰማም፤ ማታ ደህና የነበረው ጠዋት በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ላይ አይታይም። መረጃውን ማውጣትም ብዙውን ጊዜ ከሃርድ ዲስክ ይከብዳል። ኃይል ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ እንደሆነ የያዘው ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ስለሚፈስ ለዓመታት ማስቀመጫ አይመረጥም።

የጋራ ምክንያት በፈርምዌር (ዲስኩን ከውስጥ የሚያሠራው ፕሮግራም) ውስጥም ሊደበቅ ይችላል። ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ እ.ኤ.አ. በ2019 የተወሰኑ የሰርቨር ኤስኤስዲዎቹ ልክ 32,768 ሰዓት እንደሠሩ እንደሚሞቱ አስታውቆ ማስተካከያ አወጣ። ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ ነው። በአንድ ቀን የተተከሉ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይወድቃሉ ማለት ነው። የዲስክዎን ሞዴል ይዘው ከአምራቹ ድረ ገጽ የፈርምዌር ማሻሻያ መኖሩን መፈተሽ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለት ዲስክ በሬይድ ባጣምር መረጃዬ ይድናል?

አንዱን መረጃ በሁለቱም ዲስኮች ላይ የሚጽፈው ሬይድ አንዱ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል፤ መጠባበቂያ ቅጂ ግን አይደለም። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። የእኛ ችግር ደግሞ የጋራ ምክንያት ስለሆነ ሁለቱ ዲስኮች የሚጋሩት ያው የታመመ ፓወር ሰፕላይ ነው። ቅጂው ከኮምፒውተሩ ውጭ፣ ሳይሰካ የሚቀመጥ ዲስክ ላይ ይሁን፤ ሌላ አንድ ደግሞ ከቤት ውጭ።

ፓወር ሰፕላይ፣ ኬብል፣ ዲስክ፣ ሁሉንም ቀይሬያለሁ፤ አሁንም ፋይሎች ይበላሻሉ። ምን ቀረ?

ራም። የታመመ ሜሞሪ መረጃው ወደ ዲስኩ ከመድረሱ በፊት ያበላሸዋል፤ ዊንዶውስ ግን «ዲስኩ ተበላሽቷል» እያለ ይከሳል። መለያው ይህ ነው፦ የፋይል ሥርዓቱ እየተበላሸ የስማርት መዝገቡ ፍጹም ንጹሕ ይሆናል። ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ በፍላሽ ላይ ጭነው ሌሊቱን ሙሉ ያሂዱት። አንድም ስሕተት ቢሆን ብዙ ነው። የራሙ ወይም የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ከተወሰነለት በላይ ተደርጎ ከነበረም ወደ ቦታው ይመልሱት።

ራሙ ንጹሕ ከሆነ የቀረው ማዘርቦርዱ ነው። ዲስኩን በሌላ የሳታ ሶኬት ላይ ይሰኩ፤ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ሁለት የተለያዩ መቆጣጠሪያ ቺፖች ስላሏቸው ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ብቻውን ችግሩን ሊገልጠው ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ቀይረው ቀኑን ይጻፉ፣ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ፣ ከዚያ ሌላውን ይቀይሩ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ቢሳካለትም የትኛው እንደነበረ አያውቅም፤ ጤነኞቹን ሁለቱን ጥሎ ጥፋተኛውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጥና በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ይሰካዋል።